ከአልጋ በታች

ወንድሜ፣ ጌታ መጽሐፍ ጻፍ እንዳለህ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔንም ብሎኝ ነበር። ካሳተምኩት 1,000 ቅጂ 639ኙ ዛሬም ከአልጋ በታች ስላለ፣ በዚህ መንገድ የቀደመህን ሰው ምክር ብትሰማ አትከስርም። እንቅልፍ የነሣህ "ለአሳታሚ ልስጥ ወይስ በራሴ ላሳትም?" የሚለው ነው አሉ። አትጨነቅ፤ አካሄዱን ካወቅህበት ሁለቱም ከአልጋ በታች ያደርሳሉ።

ከሁሉ በፊት አሳታሚና ማተሚያ ቤት አንድ መሆናቸውን እመን። ነገር የሚያበዛ ሰው "አሳታሚ በሥራህ ላይ የራሱን ገንዘብ ያፈስሳል፣ ብትከስር አብሮህ ይከስራል፣ ስለዚህ ሳያነብ አይነካውም፤ ማተሚያ ቤት ግን በገጹ ብዛትና በወረቀቱ ግራም ዋጋ ቆርጦ ያመጣህለትን ያትማል" ይልሃል። አትስማው። ማሽኑ ላይ የቆመው ልጅ "ጥሩ ሥራ ነው" ካለህ መጽሐፍህ ተገምግሟል። ለእኔም ብሎኛል። ዘወር ስል ቀጥሎ የገባውን የብሎኬት ማምረቻ ደረሰኝም እንደዚያው ሲያመሰግን ሰማሁት።

አሳታሚ ከመረጥህ ያ ቤት ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚያወጣ አታጣራ። የልጆች መጽሐፍ ብቻ ለሚያዘጋጀው የዳንኤልን ሰባ ሱባዔ ትንተናህን ላክለት። በደብዳቤው ላይ "በእናንተ በኩል እንዲወጣ ጌታ አሳይቶኛል" በልና ያንኑ ደብዳቤ በአንድ ቀን ለአምስት ቤት አድርስ። አምስቱ አርታዒዎች በአንድ የጸሎት ቡድን ሊገናኙ ይችላሉ ብለህ አትስጋ፤ አዲስ አበባ ሰፊ ናት።

አርታዒው "ምዕራፍ ሦስት ይውጣ" ካለህ፣ "መንፈስ የሰጠኝን ሰው አይቆርጠውም" በለው። ይህች ቃል የማትዘጋው አፍ የለም፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሰዋስውህም ቢሆን ትንፍሽ የሚል አይኖርም። (የእኔ ምዕራፍ ሦስት ለአማቴ የጻፍኩት መልስ ነበር። መንፈስ እንዳለበት ዛሬም አልጠራጠርም፤ የምጠራጠረው የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው።)

ታገሥ የሚሉህ ደግሞ አቡ ሩሚን ይጠቅሱብሃል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ ካይሮ ላይ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአሴሊን ጋር አሥር ዓመት ያህል ደከመ። ከ9,000 ገጽ የሚበልጠውን ጽሑፍ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፣ ቶማስ ፔል ፕላት ለኅትመት አሰናዳው፣ ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ አላየውም፤ ቀደም ብሎ አርፎ ነበር። የመዘግየትን ጣጣ አየህ? አንተ ግን በሦስት ሳምንት ጾም ጸሎት ጨርሰኸዋል፤ ለትንሣኤ በዓል መድረስ አለበት።

ውል ሲመጣልህ አታንብብ። ወንድም ከወንድሙ ጋር ምን ውል ያስፈልገዋል? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትህ በሕይወትህ ዘመንና ከሞትህ በኋላ 50 ዓመት እንደሚጸና የሚነግርህ ሰው የዚህ ዓለም ሐሳብ የያዘው ነው። አንዴ ተቀበልና ለዘላለም ሽጠው። "አሳታሚህ እኔ ነኝ፣ ወጪውን ግን አንተ ቻለው" የሚል ከተገኘማ ሳያመልጥህ ፈርም፤ የሁለቱን መንገድ ጉዳት በአንድ ፊርማ ታገኛለህ።

በራስ ማሳተም ግን ክብሩ ሌላ ነው። "አሳታሚ፦ ደራሲው" የሚለውን ገልጠህ ስታየው ልብህ ይሞቃል። ገንዘቡን ከዕቁብህ አንሣ፤ ባለቤትህ ስትጠይቅህ "የእምነት እርምጃ ነው" በላት። አርታዒ ግን አትቅጠር፤ ከኪስህ ከፍለህ ስህተትህን የሚነግርህ ሰው መግዛት ምን ይባላል?

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። መጽሐፌ ስለ መዳን ነው፤ ርእሱን "የድኅነት መንገድ" አልኩት። የለቀመችው ልጅ "ሀ" ሁሉ አንድ ነው ብላ "የድህነት መንገድ" አደረገችው። ሽፋኑን እኔ አየሁት፣ መጋቢያችን አዩት፣ የመዘምራን መሪውም አየው፤ ሦስታችንም የተከራከርነው ስለ ወርቃማው ቀለም ነበር። 1,000 ሽፋን ታትሞ ላሚኔት ተደረገ። የማተሚያውን ዕዳ ከፍዬ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ስለፈጀብኝ፣ ርእሱ ከመጽሐፉ ጋር ባይገጥም ከደራሲው ጋር ገጥሟል። ውስጡም አልተረፈም። "የጽድቅ ፀሐይ ሠረቀ" ብዬ የጻፍኩት በ"ሰ" ተለቅሞ ወጣ። አንድ ዲያቆን ደውሎ "ይቅርታ ጋሼ፣ ምን ሰረቀ?" አለኝ።

ለማተሚያ ቤቱ የምትሰጠው ፋይል በድሮው ፓወር ግዕዝ ይሁን፤ ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቱማታ ይሆናል። ማን ያውቃል፣ ልሳን ነው ይሉልህ ይሆናል።

መቅድሙን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ታላቅ አገልጋይ ይጻፍልህ። ያነበበ ሰው ያመነታል።

የቅጂውን ቁጥር የምትወስነው በእሑድ ጉባኤ ነው። ወንበሩን ቁጠር፣ በጓዳና በበረንዳ የቆሙትን ጨምር፣ እያንዳንዱ ለአንድ ዘመዱ ይገዛል ብለህ በሁለት አባዛ። በምረቃው ቀን ሁሉም ያቅፍሃል። ካቀፉህ በኋላ "ፈርምልኝ" ይሉሃል፤ ከፈረምህ በኋላ "አገልግሎት አይደል እንዴ፣ ይሸጣል?" ይሉሃል። ፈገግ በል። የቀረውን በአደራ ለሚረከብህ አከፋፋይ ያለ ደረሰኝ ስጠው፤ ስልኩን ቢቀይር በጸሎት ትገናኛላችሁ። አራት ኪሎና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ታቅፈው የሚዞሩትን ልጆች ግን አታማክር፤ ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃሉና ያሳዝኑሃል። ፒዲኤፉ በቴሌግራም ተለቀቀብኝ ብለህ ከተማረርህ ደግሞ እወቅ፣ ያ ለሁሉ የማይደርስ ክብር ነው። የእኔን ስካን ለማድረግ የሚደክም ሌባ እስካሁን አልተገኘም።

ባለፈው ሚያዝያ አክስቴ ለሕክምና ከመንዝ መጥተው እዚያ አልጋ ላይ ተኙ። ጠዋት ጫማቸውን ሲፈልጉ እጃቸው ካርቶን ነካ።

"ሳሙና ነው፣ ልጄ?"

"መጽሐፍ ነው እትዬ። እኔ የጻፍኩት።"

"የእግዜር ነገር አለበት?"

"አለበት።"

አንዱን ሳቡ። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው ሽፋኑን፣ ያንኑ ወርቃማ ርእስ፣ ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙትና ትራሳቸው ሥር አደረጉት። እኔም ደብተሬን አውጥቼ 640 የሚለውን ሰረዝኩ።