«1» የት ገባች?

የለንደኑ ፐርዲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1814 ጀምሮ ጠመንጃ ይሠራል። የድሮ የእንግሊዝ መኳንንት ለወፍ አደን ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃቸውን እዚያ ጥንድ አድርገው ያሠሩ ነበር፤ ጌታው በአንዷ ሲተኩስ አሽከሩ ሌላዋን ያጎርሳል። እንዳይምታቱም በወርቅ «1» እና «2» ይጻፍባቸዋል። በኋላ ወራሾች ተካፈሏቸውና እህትማማቾቹ ተለያዩ።

ዛሬ «2»ን የገዛ ሰብሳቢ እንቅልፍ የለውም። ጨረታ ለጨረታ ይዞራል፤ በግ የጠፋበት እረኛ እንኳ እንዲህ አይባዝንም። «1»ን ያገኛት ዕለትማ የተጠራውን ዋጋ ከፍሎ፣ ሁለቱን በአንድ የቆዳ ሣጥን ጎን ለጎን ያስተኛቸዋል። መተኮስ? ምን ሲደረግ! የአፈሙዙን ውፍረት በመለኪያ ይለካል፣ የዋልነት ሰደፉን በዘይት ያሻል፣ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

ወፎቹ ደህና ናቸው።