እስከ መስመሩ

ከሙኒክ ትዝታዬ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ ብርጭቆው ነው። እጀታው ወፍራም፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንድ ሊትር ሙሉ የሚይዝ፤ ከአፉ ዝቅ ብሎ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። ከመስመሩ በላይ ያለው የአረፋው ድርሻ ነው፣ ከመስመሩ በታች ያለው የጠጪው። ቢራው ከጎደለ ጠጪው ብርጭቆውን መልሶ «ሙላልኝ» ይላል፤ ቀጂውም ሳይኮሳተር ይሞላለታል። ይባስ ብሎ በከተማይቱ አጉድለው የሚቀዱትን የሚከታተል የጠጪዎች ማኅበር አለ፤ መጀመሪያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው።

የልዑካን ቡድናችን መሪ ይህን ሲሰሙ አስተርጓሚውን ደግመው ጠየቁት።

«ጠጪው ነው ቀጂውን የሚቆጣጠረው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ከእኛ ነባራዊ ሁኔታ ጋር አይሄድም» አሉና ማስታወሻቸውን ዘጉ።

እውነታቸውን ነው። እኔ በማውቀው ጃምቦ ላይ መስመር የለም፤ መስመር ያለው ቀጂው ነው። ጠጪ ከመስመር እንዳይወጣ ይመከራል እንጂ ቢራው መስመሩ ላይ ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይጠይቅም። ቀጂው ከፍ አድርጎ ይቀዳል፤ አረፋው ይገነፍላል፤ ከሩቅ ያየ ሁሉ «ሞላ!» ብሎ ያጨበጭባል። አረፋው ሲከስም ከሥር ሁለት ጣት ቢራ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሒሳቡ ተከፍሏል፣ ቀጂውም ለሌላ ጠረጴዛ ተሹሟል። አረፋውን ከከንፈሩ እየጠረገ «የዘንድሮው ከአምናው ይበልጣል» የሚል ጠጪም አይጠፋም። እሱን ምን ታደርገዋለህ?

ልምድ ልንቀዳ ነበር የሄድነው፤ እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ነውና እነሱው ቀዱልን። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር ሥጋ የሚቀምስ አልነበረም። ጭንቃችንን ያቀለለልን የፓውላነር መነኮሳት ታሪክ ነው። ፈሳሽ ጾም አያስገድፍም ብለው፣ በጾሙ ወራት ጠንከር ያለ ቢራ ጠምቀው በእህል ፋንታ ይጠጡት ነበር። መሪያችን ይህችን ትምህርት በጥንቃቄ አስጻፏት። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ ባነሡ ቁጥር «ዝም ብሎ ፈሰስ ከሚሆን» ይሉ ነበር። አገር ቤት ስንገባ «በላችሁ ወይ?» ብሎ የሚመረምር ቢመጣ ሁላችንም መስቀል ጨብጠን መማል እንችላለን፤ ጠጣን እንጂ አልበላንም።

የባቫሪያ የቢራ አዋጅ የወጣው በ1516 ነው። ቢራ ከገብስ፣ እንደ ጌሾ ከሚያመርረው ሆፕ እና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይገባበት ይደነግጋል፤ ዋጋውን ይቆርጣል፤ አዋጁን የጣሰ ጠማቂ በርሜሉ ይወረስበታል። ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እርሾ ግን ስሟ እንኳ አልተነሣም። በዚህ በዚህ የእኛ ሰነድ ይሻላል፤ የተጓዦቹ ስም አንድም ሳይቀር ከነማዕረጉ ሰፍሯል። ጉዳዩን የጠነሰሰው ልጅ ቢሮ ቀርቷል።

ፀሐይ የወጣች ዕለት ዛፍ ሥር ወዳለ የቢራ ግቢ ወሰዱን። እዚያ ምግብን ከቤት ይዞ መጥቶ መጠጡን ብቻ መግዛት ይቻላል፤ ከ1812ቱ የንጉሥ ትእዛዝ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው አሉን። እኛም ቆሏችንን ከኪሳችን አወጣን። ውሎ አበላችን ያን ቀንም ሳይገደፍ ዋለ።

በመጨረሻው ምሽት ሆቴል ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። ኖከርበርግ በሚባል ስፍራ የጾሙ ቢራ የሚከፈትበት ዓመታዊ ድግስ ነው። የፖለቲካ ሰዎቹ ብርጭቆአቸውን ይዘው ከፊት ተደርድረዋል፤ አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ እያንዳንዳቸውን በስም እየጠራ ይሸረድዳቸዋል፤ እነሱ ይስቃሉ። ስሙ ያልተጠራ «ምነው ረሱኝ?» ብሎ ቅር ይለዋል ሲል አስተርጓሚው አጫወተን። መሪያችን አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ በሩን ያያሉ። «ቀስ ብለህ ተርጉምልኝ፤ ለእኔ ብቻ» አሉት።

ተናጋሪው ሲጨርስ የተሰደቡት ሁሉ አጨበጨቡለት። እኛ ልንተኛ ተነሣን። መሪያችን ግን ቴሌቪዥኑ እንዳይጠፋ አዘዙ፤ ፖሊስ የሚመጣበትን ክፍል እየጠበቁ ነበር።