ጨዋ ነኝ ባይ ጨው አልባ

«አትሳደብ ለማለት ምን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል? አማርኛውን መገልበጥ ነው!» ባዩ መጣላችሁ። ቦታ ልቀቁለት! መዝገበ ቃላቱን በብብቱ ሸጉጧል፤ ጆሮውን ግን ቤት ረስቶታል።

ልጁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ ነው። ስልኩ ከእጁ ሲያመልጠው አንዷን ባለጌ ቃል ለቀቃት። አባት ሆዬ ዘሎ «ዶንት ኢንሰልት!» አለ። ልጁ ዞር ዞር ብሎ አየ። ማንን ሰደብኩ? ስልኩን? ምንጣፉን? እኛ ዘንድ ሁሉም ስድብ ነው። እንግሊዝኛው ግን ይለያል፤ ኢንሰልት ተሰዳቢ ይፈልጋል፣ የሚቀየም ሰው። ለማንም ያልተላከው ብልግና ስዌር ነው። ጌታው፣ ጨዋ ነኝ ብለህ ተነስተህ ጨው የሌለው ወሬ አወራህ!

ይባስ ብሎ አሳመረው፦ «ፕሊዝ ሪፍሬን ፍሮም ዩዚንግ ኢንአፕሮፕሪየት ዎርድስ!» ኧረ በለው! የኤርፖርት ማስታወቂያ ነው እንዴ? አንተ እስክትጨርስ ልጁ ሦስት ጨምሯል። ቤት ውስጥ «ላንጉዊጅ!» በቃ። በ2015ቱ የአቬንጀርስ ፊልም ካፒቴን አሜሪካ ጥይት እየተተኮሰ ባልደረባውን ያረመው በዚህችው አንድ ቃል ነው። አንተ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ አንቀጽ ታነባለህ!

ባለጌዋን ቃል ከደገማት «ዋች ዩር ላንጉዊጅ» በለው። ዋች ሲባል ሰዓትህን አትይ፤ የሚጠበቀው አፍ ነው! ለማታውቀው ሰው ለስለስ አድርገህ «ዉድ ዩ ማይንድ ኖት ስዌሪንግ?» ትላለህ። ወዳንተ ከወረወረው ደግሞ «ዶንት ስዌር አት ሚ!» «አት ሚ»ን እንዳትውጣት። ጠቡን ያንተ የምታደርገው እሷ ናት።

«ፈረንጅ ለስድብ ምን ግድ አለው?» አልክ? ስሙት! በ1914 ለንደን ላይ፣ በበርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» ተውኔት፣ ከተዋናይዋ አፍ የወጣች አንዲት «ብለዲ» ከተማውን አነጋገረች። በ1978 የኮሜዲያኑ የጆርጅ ካርሊን ባለጌ ቃላት በሬዲዮ መተላለፋቸው የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ከፈለ። ዘጠኝ ዳኛ የተከራከረበትን ነገር አንተ በግልባጭ ልትፈታው!

ደግሞ ስዌር መማልም ነው። አንድ ቀን ፍርድ ቤት ለምስክርነት ጠርቶህ «ዱ ዩ ስዌር?» ሲልህ፣ «ኖ! እኔ ያሳደጉኝ ጨዋ ናቸው» ብለህ እንዳታስቀን!