ጉዳዩ፦ በሩ ሲጥ ሲል እግሩ ስለመቀየሩ

ለሰፈራችን ጋራዥ ባለቤትና ዋና መካኒክ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በአካል ብመጣ «እስቲ ወደ ውስጥ አስገባት» እንደሚሉኝ፣ መኪናዬ አንዴ ከገባች ደግሞ ሳትፈታ እንደማትወጣ ስለማውቅ ነው። ደብዳቤ በመፍቻ አይፈታም።

ጉዳዩን ላስታውስዎ። መኪናዬ ብሬከር ስትወጣ፣ ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ ጎማዋ ቀድሞ ጉድጓድ ሲገባ ከቀኝ በኩል «ሲጥጥጥ» የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር። እርስዎም ሞተሩ እየሠራ፣ ሬዲዮው እየዘፈነ፣ በግራ እጅዎ ስልክ ይዘው ከሰው ጋር እየተነጋገሩ፣ ጭንቅላትዎን በመስኮት ብቅ አድርገው አዳመጧት። ስልኩን እንኳ ሳይዘጉ «የፊት እግር ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጆሮ ለሁሉ አይሰጥም።

እግሩ ተፈታ። ሾክ አብዞርበሩ ተቀየረ፣ ጎሚኒው ተቀየረ፣ ባልጆይንቱም እግረ መንገዱን ተቀየረ። ሒሳቡ በመለዋወጫ ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ደረሰኝ። ከታች «የእጅ» የሚለው መስመር ከበላዩ ያሉትን ሁሉ ያስንቅ ነበር። አሮጌዎቹንም ዕቃዎች በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረው አስረከቡኝ፤ ታማኝነትዎን ለማሳየት መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ አብረን ወጣን፣ የግቢውን በር ደፍ ተሻገርን፣ መንገድ ላይ ያለውን ብሬከር ወጣን ወረድን። ዝም። «አየህ ወንድሜ?» አሉኝ። አየሁ።

በነጋታው ጠዋት ግን እዚያው ብሬከር ላይ ሲጥ አለች።

ተመልሼ ስመጣ አልተደናገጡም። «እንግዲያው የኋላ ነዋ!» አሉ፤ መጀመሪያም እኔ እንዳሳሳትኩዎ ዓይነት። የኋላው ተፈታ። ስረከብ ዝም፣ ሲነጋ ሲጥ። ቀጥሎ የሞተሩ መቀመጫ ተጠረጠረ፣ ከዚያም መሪው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። መኪናዋ ከበሩ በቀር አዲስ ሆነች።

እኔ የእርስዎን ያህል ልምድ የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ግን ብዙ ያሳያል። በጋራዥዎ ደንብ መኪና ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ይታጠባል። ያ ባልዲ የያዘ ልጅ፣ ዋጋው በካርቶኑ ላይ የማይጻፈው ልጅ፣ አራቱንም በር ወለል አድርጎ ይከፍትና የበሩን ላስቲክ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። ላስቲኩ እርጥብ ሳለ ሲጥ አይልም። ሲደርቅ ይጀምራል። እርስዎ በእኔ ገንዘብ እግር በቀየሩ ቁጥር መኪናዬን ዝም ያሰኛት የነበረው ያ ልጅ ነው። ክረምቱን ሙሉ ተረጋግታ ከርማ ጥቅምት ላይ አቧራው ሲነሳ የምትጀምረውም ለዚሁ ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ነግሬዎት ነበር፣ ስልክ ላይ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ቦዲ ከውጭ ሲታይ አለት ይመስላል እንጂ አንዱ ጎማ ብሬከር ላይ ወጥቶ ሌላው ሜዳ ላይ ሲቀር በጥቂቱ ይጠማዘዛል። የበሩ መግጠሚያ ሲጠማዘዝ በሩ እኩል አይከተለውም፤ በማጠፊያውና በመቆለፊያው ተይዞ የራሱን ቅርጽ ጠብቆ ይቆማል። ፍዳዋን የምታየው በሁለቱ መካከል የተጨፈለቀችው ላስቲክ ናት። አዲስ ሳለች ላይዋ ስስ የማንሸራተቻ ልባስ ስላለው ሳትሰማ ትንሸራተታለች። ዕድሜ፣ ፀሐይና የአዲስ አበባ አቧራ ያን ልባስ ሲገፉት ግን ከቀለሙ ላይ ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ እንደገና ትይዛለች። ማሲንቆም የሚዘፍነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሙጫ የነካው የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ክር ይዞ ይለቀዋል፣ ይዞ ይለቀዋል፤ ሙጫ ካልነካው ድምፅ የለም። በአጭሩ በሩ ላይ አዝማሪ ተቀምጦ ሲዘፍን እርስዎ የቤቱን መሠረት ሲያስቆፍሩ ከረሙ።

ስለዚህች ላስቲክ ጥቂት ልጨምር፤ በጋራዥዎ ግቢ የሚያስታውሳት ስለሌለ። በብዙ መኪና ላይ የምትሠራው ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው። ወደዚህ ዓይነቱ ላስቲክ መንገድ የከፈተውን የኬሚስትሪ ግኝት ካገኙት አንዱ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ሲሆን፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ጋራዣችን ከጣሊያን ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ስፖኪዮውንና ፍሬቻውን ሁሉ ተቀብሎ ይህችን ብቻ እንዴት እንደዘለላት ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ። ፀሐይ ትችላለች፣ ሙቀት ትችላለች፣ ዝናብ ትችላለች። የማትችለው የነዳጅ ዘር ነው፤ ዘይት ስትጠጣ ታብጣለች፣ ትልፈሰፈሳለች።

ታዲያ በእናንተ ግቢ የበር ላስቲክ ከታጠበ በኋላ የሚወለወለው በምንድን ነው? በናፍጣ። «ያብረቀርቃል» ተብሎ። እውነት ነው ያብረቀርቃል፤ እስከ ማታ። ናፍጣ የማይገኝ ቀን ግራሶ፣ ግራሶ ሲያልቅ ቫዝሊን ይቀባል፤ ቫዝሊንም የዚያው የነዳጅ ዘመድ ነው። ለእንግዳ ደንበኛ ደግሞ ደብሊው ዲ 40 ይነፋል። ይህ ቅባት በ1953 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሳንዲያጎ ተቀምሞ የአትላስ ሚሳይልን ገላ ከውሃና ከዝገት ለመጠበቅ የዋለ ነው። ለዛገ ብሎን ባለውለታ መሆኑን አልክድም። የበር ላስቲክ ላይ ሲነፋ ግን ጥቂት ቀን ዝም ያሰኝና ይተናል፤ የቀረው ቅባት አቧራ ይሰበስባል። የእኔ መኪና ደግሞ ወደ ጨረቃ የምትሄድ አይደለችም፤ ከቤት ቢሮ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ተቀይሜ እንዳይመስልዎ። የመጣሁት ምስክርነት ልሰጥ ነው። ባለፈው እሑድ ጋራዥዎ ዝግ ሳለ ያን ልጅ ከነባልዲው ቤቴ ጋበዝኩት። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች አጠበው፤ እጥፋቱን በጣቱ ገለጥ ሲያደርግ ከውስጥ የወጣው ጭቃ የጉልት ጎመን ያበቅላል። ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳውን አደረገ፤ ላስቲኩ የሚያርፍበትን ባለ ቀለም ብረትም ዙሪያውን ጠረገ፤ ድምፁ የሁለቱ ነውና። እስኪደርቅ ቡና ጠጣን። ሲደርቅ የሲሊኮን ግሪስ በስፖንጅ ጫፍ ትንሽ ነክቶ፣ ስስ አድርጎ እያሸ አስገባው፣ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አነሳ። መስታወቱን እንዳይነካ ተጠነቀቀ። (ሲሊኮን ያለበት ቦዲ ላይ ቀለም ቢረጭ ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ስለሚሠራ፣ ግሪሷን ከቀለም ቀቢዎ ያርቁልኝ፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም።)

ከዚያም ምርመራ አደረግን። የአሥር ብር ኖት በላስቲኩና በብረቱ መካከል አስገብተን በሩን ዘጋን፣ ሳብ አደረግነው። እየታገለ ከወጣ ላስቲኩ ገና ነፍስ አለው። ያለ ከልካይ ሹልክ ካለ እዚያ ቦታ ላስቲኩ ተጨፍልቆ ቀርቷል ወይም በሩ አልገጠመም ማለት ነው። ዙሪያውን እንዲህ ሞከርነው። ለምርመራው የወጣው አሥር ብር ወዲያው ተመላሽ መሆኑን ልብ ይሉልኛል። ልጁ በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ከታች በሁለት እጁ ወደ ላይ አነሳ አነሳ አደረገው፣ ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ ለማየት፤ አልላላም። መቆለፊያው የሚይዘውን ብረት ጠርጎ ቅባት አስነካው። አለቀ።

ላስቲኩ ተቀዶ ወይም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ቢሆን ኖሮ ቅባት አያድነውም ነበር፤ ያኔ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ተመሳሳዩን መፈለግ ነው። የእኔዋ ገና እዚያ አልደረሰችም።

ወደ መንገድ ወጣን። ብሬከሩን ወጣን፣ ወረድን፣ ኮብልስቶኑን ጨረስነው። ሰኞ ደረቅ ነበር፣ ማክሰኞም አቧራ ነበር፤ ሲጥ የለም። አዲሱ የፊት እግር፣ አዲሱ የኋላ እግርና አዲሱ የሞተር መቀመጫ ይህን ጸጥታ በኩራት እያዳመጡ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉንም በእርስዎ ላይ መለጠፍ ግፍ ነው። በዚህ ከተማ «ምንም አልተበላሸም፣ ላስቲኩን አጽዳው» ብሎ ደንበኛ የመለሰ መካኒክ ምን ይበላል? ሾክ አብዞርበር የተቀየረለት ሰው ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ለጓደኛውም ስልክ ቁጥርዎን ሰጥቶ ይሄዳል። ሬዲዮውን አጥፍቶ፣ አብሮ ተጉዞ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ «በሩ ነው» ላለው ግን «ለዚህ ልታስከፍለኝ ነው?» ይለዋል። ለዕቃ እንከፍላለን፤ ለእጅም እያጉረመረምን እንከፍላለን። ለጆሮ የሚከፍል የለም፤ እናም ጆሮ ከገበያ ወጣ። ዕቃ የማይቀየርበት በሽታ ጋራዥ ውስጥ ስም የለውም፤ ስም ስለሌለው በባለ ስሙ፣ በእግሩ፣ ይመዘገባል።

ይህ ልማድ ግን ብዙ አያስኬድዎትም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መባሉን ሰምተዋል። በየመንገዱ የሚንሸራተቱት የኤሌክትሪክ መኪኖች የሞተር ዘይት የላቸውም፣ ካንዴላ የላቸውም፣ የሚቀየር ፊልትሮ ቢፈልጉ እንኳ የዘይቱን አያገኙም። ሞተሩም አይጮህም፤ ስለማይጮህ ድሮ በሞተር ድምፅ ተሸፍና የኖረች ሲጥታ ሁሉ እንደ ጡሩንባ ትሰማለች። ሚሊዮኖች የከፈለበት ሰውዬ የበሩ ላስቲክ ሲጥ ሲልበት እንቅልፍ የለውም። ገበያው እያንኳኳ ነው ክቡር ሆይ፤ እርስዎ ግን ስልክ ላይ ነዎት።

ስለዚህ በአክብሮት የማመለክተው፣ በግቢው በር ላይ «የሞተር እድሳት፣ የእግር ሥራ፣ ኤሌትሪክ» ከሚለው ሰሌዳ በታች «ማዳመጥ» የምትል አንዲት መስመር ከነዋጋዋ እንድትጨመር ነው። ዋጋዋን እርስዎ ይተምኑ፤ ሳልከራከር እከፍላለሁ። በዚያ ሥራ ላይ ባልዲ የያዘው ልጅ በዋና ባለሙያነት ይመደብልኝ፤ እስኪመደብ ድረስ ናፍጣው ከእጁ ይወሰድ። እኔ በማዳበሪያ የተረከብኳቸውን አሮጌ ሾክ አብዞርበሮች በተመለከተ፣ አንድ ሌላ መካኒክ አይቷቸው «እነዚህ እኮ ምንም አልሆኑም» ብሎኛል። ለሌላ ደንበኛዎ «እንደ አዲስ» ተብለው መገጠም ይችሉ እንደሆነ፣ የእጅ ዋጋውንም እንዴት እንደምንካፈል ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
በእግር ችግር የተመዘገበው ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለባልዲው ልጅ፤ ከምስጋና ጋር፣ እሑድ እንዲመለስ።
ለባለቤቴ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ «በሩ ነው» ስትል ለነበረችው፣ ለመረጃ ያህል፤ መልስ አይጠበቅም።
ለግራ የኋላ በር፤ ትናንት መጀመርህ ተሰምቷል፤ ሲሊኮኑ ስላለ ተራህን ጠብቅ።