የፖምፓ ያለህ!

ታንኳውን የሰጠኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሠርጉ ሲቃረብ ሙሽሪት ከቤት ይውጣልኝ ካለችው ዕቃ መሃል አንዱ ነበር። ግራጫ፣ ሦስት የአየር ክፍል ያለው፣ ሲጠቀለል ከፍራሽ የማይለይ የጎማ ታንኳ ነው። መቅዘፊያው አለ፣ መቀመጫው አለ፤ መንፊያው የለም። «አጎቴ፣ ፖምፓ እኮ የትም ይገኛል» አለኝ።

የምኖረው እስራኤል፣ ሐዴራ ከተማ፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ነው፤ ባሕሩ በእግር ይደረስበታል። ባለቤቴ ግን ነገሩ ከጅምሩ አልጣማትም። ከኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚወጣው ሙቅ ውሃ በብርዱ ወራት ሻርኮችን ይሰበስባል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ እዚሁ አንድ ዋናተኛ በሻርክ ተነክሶ ሞቷል። «ሐምሌ ነው፣ ከዳር አልርቅም» ብዬ ምዬ ተገዝቼ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ብስክሌት ቤት ገባሁ። ሰውየው ቀጭን ረጅም ፖምፓ አውጥቶ ጉልበቱን አመሰገነልኝ። ጉልበትስ አለው፤ የብስክሌት ጎማ ጥቂት አየር በብዙ ግፊት ስለሚፈልግ ቧንቧው የጠበበው ለዚሁ ነው። ታንኳ ግን ተቃራኒው ነው፤ በመቶ የሚቆጠር ሊትር ይውጣል፣ ግፊቱ ሩብ ባር ከሆነ ይበቃዋል። በዚያ ፖምፓ እሱን እነፋለሁ ማለት ጣናን በማንኪያ ለመቅዳት መነሳት ነው። የነዳጅ ማደያው ኮምፕሬሰር ደግሞ ለመኪና ጎማ የተሠራ፣ ከሁለት ባር በላይ የለመደ ጉልበተኛ ነው፤ የታንኳው ስፌት ቢተረተር ማን ይሰፋልኛል? ጎረቤቴ የፍራሽ መንፊያዋን አዋሰችኝ። ኤሌክትሪክ ነው፣ ያገሣል፣ ታንኳውን ባንድ አፍታ ሞላው። ከዚያ በኋላ ግን ጩኸት ብቻ! አየር እንጂ ግፊት የለውምና ታንኳው ወገቡ ላይ እንደታጠፈ ቀረ። ያየሁት ነጋዴ ሁሉ የጠየቀኝ ምን እንደምነፋ ሳይሆን ስንት እንደምከፍል ነው።

ይህን ሁሉ አባባ ከበረንዳቸው ሆነው ያያሉ። ጎረቤታችን ናቸው፤ የደምቢያ ሰው፣ በጎርጎራ በኩል ያደጉ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?»

«ታንኳውን መንፋት አቅቶኝ ነው አባባ።»

«ታንኳ ይነፋል እንዴ?»

ከዚያ በኋላ የጣናን ታንኳ ከመጀመሪያው አስረዱኝ፦ ደንገሉ እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ መልስ እንዴት ተጎትቶ ዳር ላይ እንደሚደርቅ። ማገዶ ጭነው ውሃውን የሚያቋርጡትን ባለታንኳዎች እያነሱ ብዙ አወጉኝ። በመሃል ባለቤቴ ቡና አፈላች፤ ፖምፓው ተረሳ።

ዓርብ ጠዋት የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። እዚህ ያለው ልጅ «ቫልቩ አጠገብ ምን ተጽፏል?» ብሎ ጠየቀኝ። በስልኬ ያነሳሁትን ሳሳየው ወፍራም የእጅ ፖምፓ አወጣ፤ ሲገፉትም ሲስቡትም አየር የሚያስገባ፣ ግፊት መለኪያም ያለው። እንዲህ ያለ ሰው ሳገኝ የሱቁን ዕቃ ሁሉ ልገዛው ያምረኛል። ቤት ደርሼ ስሞክረው ግን የቱቦው አፍ ለቫልቩ ሰፋ። ተመልሼ እንዳልሄድ ሻባት ሊገባ ነው፤ ሱቁ ሁሉ እየተዘጋ ነው።

አባባ ወደ ቤታቸው ገብተው አንድ ካርቶን ይዘው ወጡ። እዚህ ከመጡ በኋላ ዓመታቸውን በብርቱካን እርሻ ነው የጨረሱት፤ የጠብታ መስኖ ቱቦ ቁርጥራጭ አይጥሉም። አንዱን መርጠው፣ ጫፉን በቡናው ጀበና ፍል ውሃ አለስልሰው፣ በጉልበታቸው የፖምፓው ቱቦ አፍ ውስጥ አስገቡት። ልክክ አለ! «በል፣ ሻባት ይለፍና ትነፋዋለህ» ብለው ካርቶናቸውን ይዘው ገቡ።

እሑድ ማለዳ ከእህቴ ልጅና ከአባባ ጋር ባሕሩ ዳር ነፋነው። መለኪያው ሩብ ባር ላይ ሲደርስ አቆምኩ፤ አባባ ግን ፀሐይዋን አይተው «ቀንስለት» አሉ። እውነታቸውን ነው። በ20 ዲግሪ ሩብ ባር የተነፋ ታንኳ አሸዋ ላይ 40 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ሲሶ ባር ይጠጋል፤ ስፌት የሚፈታው እንዲህ ነው። ቀነስኩ። ውሃው ላይ ስናወርደው ደግሞ ቀዘቀዘና ላላ።

የእህቴ ልጅ መቅዘፊያውን ይዞ ገባ፣ እኔም ተከተልኩ። አባባ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። ፖምፓውን ከአሸዋው አንስተው እየወረወሩልን፣ «ይኸንንም አሳፍሩት! የሚነፋ ታንኳ አላምንም!» ብለው ጮኹ።