አርባ ዓመት አንኳኩቼ ደረጃ አንድ ገባሁ

ባለፈው ሰኔ ከአጥቢያችን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተሙ ደማቅ፣ ፊርማው ረጅም። ነገሩ ሲጠቃለል፣ ሽማግሌዎችና የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎች በሙሉ «የምእመናን የእረኝነት ሥልጠና፣ ደረጃ አንድ» እንዲወስዱ ተወስኗል። ስድስት ወር፣ በየቅዳሜው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ።

ደረጃ አንድ! ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ሁለት ጉልበት አለኝ፤ የሚታዘዘኝ አንዱ ብቻ ነው። ሽማግሌ ሆኜ ስመረጥ አሠልጣኙ አልተወለደም፤ እናትና አባቱን ከጋብቻቸው በፊት ቁጭ አድርጌ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ምክሬ ባይሠራ ኖሮ ዛሬ ማን ያሠለጥነኝ ነበር?

ደብዳቤውን ለባለቤቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ ማኅተሙ አነበበችና፣ «እሰይ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ትወጣልኛለህ» አለች። ከዚህ ቤት ማጽናኛ አይገኝም።

ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተር፣ ፍሊፕ ቻርት፣ አራት ቀለም ማርከር፣ በየወንበሩ ላይ ደግሞ እንደ ጡብ የሚከብድ ሞጁል። ጸሎት ተደረገ። ቀጥሎ ቃሉ ይከፈታል ብዬ ስጠብቅ አሠልጣኙ እጁን አጨበጨበና «እንድንነቃቃ ሁላችንም እንነሣና ስማችንን በወገባችን እንጻፍ» አለ። ስሜ ከነአባቴ ዘጠኝ ፊደል ነው። ሦስተኛው ላይ ወገቤ አቆመ። እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ እዚያው ፊደል ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ዮቶር መጣ። በዚህ አገር ዮቶር ሳይጠራ የተከፈተ የአመራር ሥልጠና ካለ አሳዩኝ። የምድያሙ ካህን የልጁ ባል ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አየና፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ሹም፣ ከባዱን ብቻ ወደ አንተ ያምጡ ብሎ መከረው። ግሩም ምክር ነው። ግን ልብ በሉ፤ ዮቶር አንድ ቀን ቆሞ አየ፣ በአንድ ንግግር ጨረሰ፣ ስለ ውሎ አበልም ሳያነሣ ወደ አገሩ ገባ። የእኛ ዮቶር ግን ሃያ አራት ቅዳሜ ይፈጃል።

በእኛ ጊዜ ሥልጠናውን የሚሰጠን ቀበሌ ነበር። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ ምእመኑ በየቤቱ ገባ። የእኛ ኅብረት የሚሰበሰበው በእኔ ስፌት ቤት ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣ ሰው ማንም አይጠረጥረውም። አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ እለካለሁ። በአንድ ወር ስድስት ጊዜ የተለካ ሱሪ አውቃለሁ። ጸሎቱ ሲጀመር የስፌት መኪናዬን ፔዳል እረግጣለሁ፤ የመኪናው ድምፅ የ«አሜን»ን ድምፅ ይውጣል። ለአጥኚዎቹ ጥቅሱን በመቁረጫ ጠመኔ ገበር ላይ እጽፍላቸዋለሁ፤ እግር ሲሰማ በመዳፍ አንድ ጊዜ ማበስ ነው። እስቲ ፕሮጀክተራችሁ እንዲህ በመዳፍ ይጠፋል?

ይህን ሁሉ በቡድን ውይይት ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። አልፌም ወላይታን ጠቀስኩ። ጣልያን አገሩን ሲይዝ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በ1937 እ.ኤ.አ. ከወላይታ እንዲወጡ ተደረገ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች መቶ አይሞሉም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ሕዝብ ወደ አሥር ሺህ ይጠጋ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያገለገሉት አርሰው የሚያድሩ፣ ብዙዎቹም ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ናቸው። «ከእነዚያ ውስጥ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ስሙን በወገቡ የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም!»

ተጨበጨበ። እዚያው ላይ ብቀመጥ ደግ ነበር።

አሠልጣኙ ልጅ፣ እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች፣ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ያኔ በስፌት ቤት ምን ምን ያስተምሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ሽማግሌ ነኝና አልዋሽም፤ በዚያ ላይ በአዳራሹ ውስጥ ከድሮ ተማሪዎቼ ሁለቱ ተቀምጠዋል።

ሳምሶን የናዝሬት ሰው ነው ብዬ አስተምር ነበር። ናዝራዊ ይላል እኮ! ናዝራዊ የናዝሬት ሰው ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ናዝራዊ ማለት በስእለት የተለየ፣ ጠጉሩን የማይላጭ፣ ወይን የማይቀምስ ሰው መሆኑን፣ ሳምሶንም ከዳን ነገድ፣ ከጾርዓ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ለስንት ዓመት አስተማርኩት መሰላችሁ? አንዱ ተማሪዬ ሹፌር ነበር፤ አዳማ ያኔ ናዝሬት ነው የምትባለው፤ «ጋሼ፣ የእኛው ናዝሬት ነው?» ሲለኝ፣ አሰብ አድርጌ «ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። ያ ሰው እስከ ዛሬ በአዳማ ባለፈ ቁጥር የሳምሶንን አገር ለመንገደኛ ሲያሳይ ይሆናል። ሞጁሉ፣ ያ ጡብ፣ ነገሩን በገጽ አሥራ አንድ ላይ በሁለት መስመር አስቀምጦታል።

ልጁ አልሳቀብኝም። አቂላንና ጵርስቅላን አነሣ። ድንኳን ሰፊዎች ናቸው፤ የሙያ ዘመዶቼ። አጵሎስ የሚባለውን አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ ሰምተው፣ የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ መሆኑን ሲረዱ ወደ ቤታቸው ወስደው መንገዱን ይበልጥ አጥርተው ገለጡለት። ይህን ታሪክ ከድሮም እወደዋለሁ፤ ሰፊ ሰባኪን ያርማልና። ልጁ ግን «አጵሎስ እኮ መታረሙን እሺ አለ» ብሎ ገለበጠብኝ።

ጨመረበትም። በ1963 እ.ኤ.አ. በጓቲማላ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ነበር አሉ። ለትምህርት ከተማ የሚገቡት ወጣቶች ወደ ገጠር መመለስ አስቸገራቸው፤ ገጠሩን በእውነት የሚመሩት ደግሞ እርሻና ልጆቻቸውን ጥለው መምጣት የማይችሉ ጎልማሶች ሆኑ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ራሱ ወደ እነሱ ሄደ፤ ሰው በቤቱ ያነብባል፣ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ያወያያል። «ጋሼ፣ ይህ ዓይነት ሥልጠና የተፈጠረው ለእርስዎ ዓይነት ሰው ነው» አለኝ። ከጓቲማላ ድረስ ነው እንግዲህ የተመከረብኝ።

ከሰዓት በኋላ ጥያቄ ቀረበ፤ አንድ ምእመን ሦስት ሳምንት ከቀረ ምን ይደረጋል? አንዱ ቡድን መረጃ ማሰባሰብ፣ ሌላው መንስኤውን መተንተን፣ ሦስተኛው የክትትል ዕቅድ ብሎ ጻፈ። አላስችል አለኝ። «ሄደህ ታንኳኳለህ!» ብዬ ጮኽኩ። ልጁ በቀይ ማርከር ጻፈው፤ ከሥሩም አሰመረበት። ከዚያ ዞር ብሎ፣ በፍጹም አክብሮት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ ያንኳኩት መቼ ነው?» አለ።

ጉልበቴን ላነሣ አሰብኩ። ስልክ እንደምደውል ልናገር አሰብኩ። ትዝ ያለችኝ ግን በስፌት ቤቱ ዘመን ቁልፍ ቤት ትሠራልኝ የነበረች እህት ናት። እግሯን አሟት ከቀረች ከፋሲካ በፊት ነው። ቤቷ ከሱቄ ሦስት ቅያስ ነው።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ፣ ሥልጠናው ላይ ከኋላ ተቀምጣ ማስቲካ የምታኝከው፣ ለባለቤቴ ክፉኛ ያማኋት ልጅ ናት። ለካ በየእሑዱ ትመጣለች። ስለ እረኝነት ምንም አልተናገረችም፤ ቡና ታፈላለች፣ አሮጊቷ ስታወራ ዝም ብላ ትሰማለች። እኔ ሰው ልጠይቅ ስገባ ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ ከኢዮብ የምጀምር ሰው ነኝ። ማቶት ጠፍቶ ጀበናው የተቀመጠው በሞጁሉ ላይ ነበር። ያ ጡብ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሲሸከም አየሁ።

አሮጊቷ ቀና ብላ አየችኝና «መጣህ? ሱሪ ልትለካ ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሦስተኛውን ስኒ እስክንጠጣ ከኢዮብ አንድም ቁጥር አልጠቀስኩም፤ ቢያንቀኝም ቻልኩት።

ስንወጣ ልጅቷ የጉብኝት ቅጽ ሰጠችኝ። ቀን፣ የተጎብኚ ስም፣ «የተገኘ ውጤት» ይላል። ውጤት! የሰው ቤት ተገብቶ ውጤት ይጻፋል? ብዙ አጉረመረምኩና «ቡና፣ እስከ በረካ» ብዬ ፈረምኩ።

እንግዲህ ጋሼ ሥልጠናውን ወደደው እንዳትሉ። ወንበሩ ጀርባ ይቆርጣል፣ ፕሮጀክተሩ ዓይን ይወጋል፣ ዮቶርም ገና አላለቀም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይም አልገኝም። ስም በወገብ ሲጻፍ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲያበቃ አንኳኩቼ እገባለሁ።