ታጥቦም የሚሸት

ካውያው ለብ ብሏል፤ ጨርቁ ፖሊስተር ስለሆነ ከዚያ በላይ አይችልም። የልጄን የስፖርት ካናቴራ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከደረቱ ጀመርኩ። ከትናንት ወዲያ በእጄ አሽቼ፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቄ ያሰጣሁት ነው። ከገመድ ሳወርደው አሽትቼዋለሁ፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ነበር። ደረቱን ጨረስኩ፣ ጀርባውን ገለበጥኩ፣ ምንም የለም። ብብቱ ጋ ስደርስ ግን ከካውያው ሥር ያ ጠረን ብድግ አለ። ጎምዛዛ ነው፤ ያደረ የሽንኩርት ልጣጭና የተረሳ አይብ አንድ ላይ የከረሙ ይመስላል። ካውያውን ነቅዬ ተቀመጥኩ። ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፤ ያው ካናቴራ፣ ያው ብብት።

ታጥቦ ጭቃ ማለት ይኼ ነው።

የኔ ቤት ችግር ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። የምንኖረው ቤቴል አካባቢ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧና በሁለት የልብስ ገመድ ነው። ድሮ ገመዱ ላይ የሚሰጣው አንሶላ፣ ነጠላ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ነበር፤ አሁን ግማሹ የሚያብረቀርቅ ማሊያ፣ ታይትና ቱታ ሆኗል። አከራያችን ስኳር ስላለባቸው ሐኪም እርምጃ አዞላቸው ሌሊት 11 ሰዓት ይወጣሉ። የጎን ቤቷ ልጅ ከሥራ መልስ ጂም ትገባለች። ወንዶቹ ኳስ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በወር አንድ እሑድ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው መለቀቅ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሕፃን አዋቂው አስፋልት ላይ ሲዘል ማየት ለምደናል። ደግ ነገር ነው፤ በርቱ ነው የምለው። ግን ላቡን የሚያጥበው ውሃ የት አለ?

ውሃ ወደ እኛ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። ያንን ድምፅ ቀድሞ የሰማ ተነሥቶ የሌላውን በር ያንኳኳል። «ውሃ መጣ! ተነሡ!» ይባላል፤ ጀሪካን ይደረደራል። ከኛ ወደ ምዕራብ፣ ከቡራዩ ወዲያ፣ ከተማዋ ስትጠጣው የኖረችው የገፈርሳ ግድብ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲደበድብ ያድራል፤ እኛ ከቆርቆሮው ሥር ተኝተን ጀሪካን እንቆጥራለን። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። የወጡ፣ የሽንት ቤቱ፣ የሰውነት መታጠቢያው ወጥቶለት ለልብስ የሚተርፈው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ሁለት የስፖርት ካናቴራ ዘፍዝፎ፣ አሽቶ፣ ሦስቴ ለማለቅለቅ አንዱ ጀሪካን ሙሉውን ያልቃል። ያ ሁሉ ውሃ ፈስሶ ሽታው ንቅንቅ ሳይል ሲቀር አንጀት ያሳርራል።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ከእፎይታ ገበያ ስመለስ ከልምምድ የሚመጣውን ልጄን ጦር ኃይሎች አገኘሁትና አብረን ሚኒባስ ገባን። 15 ዓመቱ ነው። ከኳሱ በኋላ ሰውነቱን ታጥቦ፣ እኔ ጠዋት አጣጥፌ የሰጠሁትን ንጹሕ ካናቴራ ቀይሯል። ውጭ ዝናብ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ትንሽ ይከፈት ቢባል «ብርድ ሊመታን ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ሰው በሰው ላይ ተጠጋግቶ ሙቀቱ ሲጨምር ያ ሽታ ከልጄ ትከሻ ሥር መጣ። ፊት ለፊቱ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ቀስ አድርገው ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ምንም አልተናገሩም፤ ክፉም ሰው አልነበሩም። ልጄ ግን አይቷል። ሁለቱን ክንዶቹን ከጎኑ ጋር አጣብቆ፣ እንደ ታሰረ ሰው፣ ቤቴል እስክንደርስ አልተነቃነቀም። ቤት ገብቶ ካናቴራውን አወለቀና «ማሚ፣ ታጥቦ አልነበር እንዴ?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ታጥቧል። በእጄ ነው ያጠብኩት።

እኛ አገር «ይሸታል» የተባለ ሰው «አይታጠብም» መባሉ ነው። ስድቡ ከገላው አልፎ እናቱ ድረስ ይሄዳል። ስንት ልጅ በዚህ አንገቱን ደፍቷል፤ ስንት ሠራተኛ ሰው አጠገብ መቀመጥ ፈርቷል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰውየው አይደለም፤ የጨርቁ ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ሳላውቅ ልጄን «በደንብ ታጠብ!» እያልኩ የጮህኩበት ቀን ዛሬም ይቆጨኛል።

ከብብት የሚወጣው ላብ ሲወጣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ላቡን ሰባብረው የሚያከረፉት። ጥጥ ላቡን ወደ ውስጡ ይመጠዋል፤ ሲታጠብ ደግሞ ይለቃል። ፖሊስተር ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ብሪታኒያውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1941 የፈጠሩት፣ መነሻው ነዳጅ ዘይት የሆነ ክር ነው። ውሃ አይወድም፤ ቅባት ግን ይወዳል። ስለዚህ የላቡ ውሃ ቶሎ ይተናል፣ ሻጩም «ቶሎ ይደርቃል» እያለ ያሞግሰዋል፤ ቅባቱና ሽታው ግን ክሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ጤነኛ ሰዎችን ብስክሌት አስነድተው ካናቴራቸውን ሰብስበው ነበር። ከአንድ ቀን በላይ አቆይተው ሲያሸቱት ከጥጡ ይልቅ ፖሊስተሩ ክፉኛ ይሸት ነበር፤ ማይክሮኮከስ የሚባለው ሽታ አምጪ ባክቴሪያም ፖሊስተሩ ላይ ተመችቶት ሲራባ ተገኘ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እኛ ግቢ ያለ ምንም ጥናት በአፍንጫችን ያረጋገጥነው ነገር ነው።

ካላመናችሁ ያረጀ የስፖርት ካናቴራ አንሡና በጣታችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሆዱ ላይ ያረፈው ጠብታ ይሰርጋል። ብብቱ ላይ ያረፈው ግን ሰም እንደተቀባ ነገር ክብ ሆኖ ይቆምና ይንከባለላል። ውሃው ካልገባ ሳሙናው በምን ይገባል? እኔ ይህን ያየሁ ቀን ለወራት ያሸሁት የጨርቁን ላይ ላዩን ብቻ እንደነበር ገባኝ።

ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ ኦሞ ጨመርኩ። እጥፍ አደረግሁት፤ አረፋው ከሳፋው ፈሰሰ። እንዲያውም ባሰበት፤ በቂ ውሃ ስለሌለን ሳሙናው ተለቅልቆ አይወጣም፣ የቀረው ደግሞ ክሩ ላይ ከላቡ ጋር ይለጠፋል። ቀጥሎ ጎረቤት የመከረችኝን ማለስለሻ ገዛሁ። አበባ አበባ ይሸታል፤ በማግስቱ ግን አበባና ላብ አንድ ላይ መሽተት ጀመረ፤ ከብቻው ላብ የሚከፋ ነው። ማለስለሻ ጨርቁን በቅባት ይለብጠዋል እንጂ አያጸዳውም፤ ለስፖርት ልብስ ፈጽሞ አትግዙት። በረኪናም ሞከርኩ፤ የማሊያውን ቀለም አወየበው፣ የሚለጠጠውን ላስቲክ አላላው፣ ሽታው ተመለሰ። የጎን ቤቷ ልጅማ አንድ ቀን በረኪናውን ከአቼቶ ጋር ልትቀላቅል ስትል ነው የደረስኩባት። እባካችሁ ይህን እንዳታደርጉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በተለይ በሩ በተዘጋ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ።

እናቴ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲያጥቡ ነው ያደግሁት። ፍሬው ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል፣ አረፋው ነጭ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድለው እንዶዱ መሆኑን ለዓለም ያሳየው በዚሁ የእናቶቻችን ሳሙና ነው። እና እኔም ተስፋ ቆርጬ እንዶድ ገዛሁ። ወቀጥኩ፣ አጠብኩ። ጋቢው በረዶ መሰለ። ካናቴራው እንደነበረ ነው። እናቴን ብነግራቸው «ልብሱ ነው እንጂ እንዶዱ ምን በደለ» አሉ። ልክ ናቸው። ግን ጥጥ ላልብሰው ብልስ? ትምህርት ቤቱ የስፖርት ልብስ ብሎ የሚያዘው ፖሊስተር ነው፤ የኳስ ቡድኑ ማሊያ ፖሊስተር ነው፤ ገበያ ላይ በኪሳችን ልክ የሚገኘው እሱው ነው። ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ የማናውቀው ሰው ላብ አብሮ ይገዛል፤ ገና አንድ ቀን ሳይለበስ ካውያ ሲነካው ይመሰክራል።

ከሞከርኩት ሁሉ ትንሽ ፍሬ ያየሁበት አቼቶ ነው። ከሳሙናው በፊት ካናቴራውን ገልብጬ፣ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ። ከዚያ ብብቱ ላይ ብቻ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ ጠብ አድርጌ በጣቴ አሻለሁ፤ የወጥ ቅባት የሚያስለቅቅ ነገር የላብንም ቅባት ይነካል። ቤኪንግ ሶዳ ያለው በሌላ ቀን ይሞክር፤ ከአቼቶው ጋር ከተጨመረ ይፈላና ሁለቱም ኃይላቸውን አጥተው ይቀራሉ። ዋናው ደግሞ ላቡ ሳይደርቅበት ማጠብ ነው። እርጥብ ማሊያ በፌስታል ቋጥሮ ቦርሳ ውስጥ አሳድሮ፣ በሦስተኛው ቀን ለእናቱ የሚያስረክብ ልጅ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ። ያንን ፌስታል ስፈታ ዓይኔ ያለቅሳል። ቶሎ እጠቢ ይሉኛል፤ ውሃው በፈረቃ ሲመጣ እንዴት አድርጌ?

በጋውስ ይሁን፤ ጥቅምት ላይ ፀሐይዋ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ታደርቀዋለች። ክረምቱ ነው የማይገፋው። ሐምሌ ላይ ግቢያችን ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፤ «ዝናብ መጣ! ልብስ አስገቡ!» ሁሉም ከየቤቱ ይሮጣል፣ የራሱንም የጎረቤቱንም ያቅፋል። ሩብ ሰዓት ፀሐይ ትወጣለች፣ መልሰን እናሰጣለን፣ እንደገና ይዘንባል። በቀን አራቴ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልደረቀ ልብስ ደግሞ ላብ ባይነካውም ይሸታል። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን የእርጥብ ልብስ ሽታ የሚያመጣው ሞራክሴላ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 ደርሰውበታል፤ ልብሱ ቢደርቅም ቶሎ አይሞትም፣ እርጥበት ሲያገኝ እንደገና ይራባል። ቤት ውስጥ እንዳላሰጣው አንዲት ክፍል ናት፤ ቁሌት ይቁላላባታል። ፖሊስተር ቅባት ይወዳል ብዬ የለ? ሽንኩርቱንና በርበሬውን ጠጥቶ ያድራል። ጠዋት ልጄ የላብና የቁሌት ካናቴራ ለብሶ ይወጣል።

ትናንት ማታ ቧንቧው ያጉረመረመው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አከራያችን በሩን ቆርቆር አደረጉ፤ «አንቺ ልጅ፣ መጥቷል!» ተነሣሁ። ጀሪካኖቹን ሞልቼ የተረፈውን በሳፋ ቀዳሁና ካናቴራውን ገልብጬ አቼቶው ውስጥ ነከርኩት። ግማሽ ሰዓት ደጃፍ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ጠበቅሁ። አሸሁት፣ ሦስቴ አለቀለቅሁት፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ውሃውን ጨመቅሁ፣ ወንበር ላይ ገልብጬ ሰቀልኩት። 12 ሰዓት ላይ ልጄ ለልምምድ ሲነሣ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። ብብቱን በሁለት መዳፌ መሐል አድርጌ እስኪሞቅ አሻሸሁትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

ቀንሷል። ግን አለ።

በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን ሲያይ «ብርድ ነው» አልኩት፤ «ጃኬትህን እንዳታወልቅ።»